ከምቱ በፊት ያለው ትንፋሽ

የመምህርቷ ጥፊ አዳራሹ ውስጥ ሲጮህ፣ ተማሪዎቹ መጀመሪያ የፊልሙ ድምፅ መስሏቸው ነበር። ፊልሙ ግርፊያ የበዛበት ነውና አይፈረድባቸውም። ስክሪኑ ላይ ያለው ግን የተዘጋ በር ብቻ ነው። የተመታው ከፊት ረድፍ ተነሥቶ የቆመው የዕለቱ እንግዳቸው፣ ፊልሙን የሠራው ሰው ነው። ጉንጩ ላይ የጣቶቿ ምልክት ቀልቶ እየታየ፣ እጁን እንኳ ወደ ፊቱ አላነሣም።

«ጩኸቴን ቀድተህ ፊልም ሠራህበት» አለችው።

«ድምፁ ያንቺ አይደለም» አላት፤ ለእሷ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ።

እሷ ግን ቀስ ብላ የምትናገርበት አንጀት አልቀረላትም። አዳራሽ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ ያ ቀበቶ የታላቅ ወንድሟ ቀበቶ እንደሆነ፣ የምትጮኸው ሴት እሷ ራሷ እንደሆነች፣ ይህ እንግዳ ተብሎ የተጋበዘ ሰው ደግሞ ያን ቀን ስትገረፍ በስልክ እያዳመጠ መቅዳቱን ሁሉ ዘረገፈችው። ምን እንደተናገረች ለራሷ የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ በሩን ከኋላዋ ስታላትመው መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ።

እሱ ባለበት ቆሞ ቀረ። ተማሪዎቹ አንዱ የሌላውን ዓይን እየሸሸ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። ፊልሙን የሚያጠፋው ሰው ስላልነበረ፣ ግርፊያው ባዶ እየሆነ በሚሄደው አዳራሽ ውስጥ እስከ መጨረሻው ቀጠለ።

*

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ አንባቢ እንዲህ ነው።

መምህርቷ በፊልም ማሠልጠኛው ውስጥ የምታስተምረው አጫጭር የድራማ ፊልሞችን መተንተን ነው፤ ካሜራው ለምን እዚያ እንደቆመ፣ ድምፁ ለምን ከምስሉ ቀድሞ እንደገባ፣ ዝምታው የት ላይ እንደተቀመጠ። ተማሪዎቿ ከእሷ ጋር ፊልም ማየት ከሐኪም ጋር ምሳ እንደ መብላት ነው እያሉ ያሟታል፤ የምትጎርሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ሲነግርህ የምግብ ፍላጎትህ ይዘጋል ለማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ትምህርት ውስጥ አንድ የማይሻር ሕግ አላት። አንድን ትዕይንት መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፣ ቀጥሎ ምስሉን ሸፍናችሁ ስሙት፣ አፋችሁን የምትከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው ትላለች። ዓይን ጉልበተኛ ነው፤ ጆሮን አንገቱን ይዞ ወደ ፈለገበት ይወስደዋል የሚለውም የእሷው አባባል ነው።

እሱን ደግሞ ሰው ሁሉ ኮሽታ ነው የሚለው። የድምፅ ባለሙያ ነው። እናቱ በመምህርቷ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ልብስ ያጥቡ ነበር፤ እሱም በልጅነቱ ከገንዳው አጠገብ ተቀምጦ የሚያልፈውን ሰው ፊቱን ሳያይ በእርምጃው እየለየ ማንነቱን ይናገር ነበር። ቅጽል ስሙም የወጣለት ያኔ ነው። ካደጉ በኋላ እንደገና የተገናኙት የማሠልጠኛውን አዳራሽ ድምፅ ማጉያ ሊያስተካክል የመጣ ቀን ነው። ሥራ ላይ ሲሆን ሰው ቀና ብሎ የማያየው ኮሽታ፣ እሷ ከበሩ ገብታ ትንሽ እንደተራመደች ቀና አለ።

«ቀኝ እግርሽን አሁንም ትንሽ ትጎትቺያለሽ» አላት።

ሌላ ሴት ብትሆን ትቀየም ነበር። እሷ ግን ያን ቀን የሚያስተካክለውን ሽቦ ሁሉ አጠገቡ ቆማ ስታይ ዋለች፤ እሱም አንዱን ሽቦ ሦስቴ ፈትቶ ሦስቴ አሰረው። ዓይናቸው ሲጋጠም ሁለቱም ወደ ሽቦው ይሸሻሉ። ከዚያ ወዲያ ልቧ የእሷ አልነበረም።

ወንድሟ የጭነት መኪናዎች ባለቤት ነው። አባታቸው ሲሞቱ ገና ጎረምሳ ነበር፤ ትምህርቱን ትቶ መሪ ጨብጦ እናቱንና እህቱን ያኖረ፣ እግሯን የተሰበረች ጊዜ በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ያመላለሳት ሰው ነው። ለእሷ ሲል ያልሆነው ነገር የለም። መከራውም ከዚህ ይመነጫል፤ ያልሆነላት ነገር ስለሌለ የማያዝባት ነገርም ያለ አይመስለውም። የልብስ አጣቢያቸው ልጅ እህቱን እንደሚወድ፣ ከዚያም ብሶ እህቱ እንደምትወደው የሰማ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ ሳያንኳኳ መኝታ ቤቷ ገባ።

ያን ሰዓት ከኮሽታ ጋር በስልክ እያወራች ነበር። ስልኩ ከእጇ አምልጦ ሳይዘጋ አልጋው ሥር ገባ። ወንድሟ በሩን ቆለፈና ቀበቶውን ፈታ። የገረፋት በብረቱ በኩል ነው፤ ጀርባዋ ላይ፣ ክንዷ ላይ፣ እጇን ስታስቀድም ደግሞ ጣቶቿ ላይ። አንሶላው ደም በደም ሆነ። መቼ እንዳቆመ አታስታውስም። የምታስታውሰው ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ መጮኋን ነው፤ ሳሎን ተቀምጠው የነበሩት እናቷ ተነሥተው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ማድረጋቸውንም ታስታውሳለች። ቁስሉ ውሎ አድሮ ደረቀ። የቴሌቪዥኑ ነገር ግን አልደረቀላትም፤ ለማንም ሰው አልተናገረችውም።

ኮሽታ በስልኩ ሰምቷል። በኋላ ሲገናኙ «ሰምቻለሁ» ብሎ አቀረቀረ፤ እሷም ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም። ያችን ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ እንዳለ ጉድጓድ ሁለቱም እየዞሩ ማለፍ ለመዱ። መገናኘታቸውን ግን በድብቅ ቀጠሉ። ለማንም ሳይነግሩ ሊጋቡ ተስማምተው ነበር።

ፊልሙ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ኮሽታ የራሱን አጭር ፊልም ሠርቶ መጨረሱን ሲነግራት ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። መጀመሪያ ለብቻሽ እዪው ብሎ ደጋግሞ ለምኗት ነበር። እሷ ደግሞ አድልዎ እንዳይመስልብኝ ከተማሪዎቼ ጋር ነው የማየው ብላ ድርቅ አለች። እውነቱን ለመናገር ኩራትም ነበረበት፤ የወደደችውን ሰው ሥራ በሰው ፊት ልትተነትን ነው።

ታሪኩ ሁሉ የሚያልቀው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ካሜራው ከቦታው አይነቃነቅም። ከፊት አንዲት እናት ልብስ ይተኩሳሉ፤ እጃቸውና የካውያው እንፋሎት ጥርት ብሎ ይታያል። ከኋላቸው የተዘጋ በር ደብዝዞ ቆሟል። ከበሩ ጀርባ ግርፊያ ይጀምራል፣ ሴት ትጮኻለች። የእናትየዋ እጅ ይቆማል፤ ካውያውን ያስቀምጥና ወደ ሬዲዮው ሄዶ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

መምህርቷ ነገር ዓለሙ የዞረባት እዚህ ላይ ነው። ያን ቀን እናቷ ድምፅ ከፍ ማድረጋቸውን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። እሱ ካወቀ በስልኩ ሰምቶታል፤ በስልኩ ከሰማው ደግሞ ይህ ሰው እንጀራው መቅዳት ነው፣ ቀድቶታል ማለት ነው። እንዲህ አስባ ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደችና አጮለችው።

*

በማግስቱ ስትነሣ ወንድሟ ከቤት ወጥቶ ነበር። ከዚያች ከሰዓት በኋላ ወዲህ እቤት ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። ጫማ ይገዛላታል፣ ብርቱካን ልጦ ያቀርብላታል፣ ስትስቅ ካያት ፊቱ ይበራል። ይቅርታ የሚለው ቃል ግን ከአፉ አይወጣም። እሷም ጫማውን አንድ ቀን ተጫምታው አታውቅም።

ኮሽታ የላከላትን መልእክት ሁሉ ሳታነብ አጥፍታ ወደ ማሠልጠኛው ሄደች። ፊልሙ ለሕዝብ እንዲታይ ተመርጧል። ለመራጮቹ ደብዳቤ ጽፋ ልታስከለክለው ቆርጣለች፤ ከዚህ እስከዚህ ያለው ድምፅ ያለ ፈቃዴ የተቀዳ የገዛ ጩኸቴ ነው ብላ ልትጽፍ። ለዚህ ደግሞ ከየት እስከየት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። መመልከቻ ክፍሉን ከውስጥ ቆልፋ ተቀመጠች። ዛሬ ከእሱ ጋር ያላትን ነገር ሁሉ በአንድ ወረቀት ልትቀብረው ነው የመጣችው።

ልማድ ግን ጌታውን አያስቀምጥም። እየተቆጣችም ቢሆን እጇ የለመደውን ሠራ፤ ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ ስክሪኑ ላይ ጣለችው። የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀች።

መጀመሪያ ማዳመጥ አቃታት፤ እንባዋ ቀደማት። እንደገና ስትጀምር ጥርሷን ነክሳ እስከ መጨረሻው ሰማች። ጨርሳ ብዕሯን ስታነሣ የሆነ ነገር ይቆረቁራት ጀመር። ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር፣ የት እንዳለ የማይታወቅ ግን የማያስቀምጥ ነገር። መልሳ ከፈተችው። አሁን ማልቀሱን ትታ እንደ መምህር ሰማች።

ትንፋሽ ነው። ከምቱ በፊት።

የሚገረፍ ሰው ቀበቶው መቼ እንደሚያርፍበት አያውቅም። ትንፋሹ የሚቆረጠው ካረፈበት በኋላ ነው፤ ይህን እሷ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በዚህ ፊልም ውስጥ ያለው ሰው ግን ከእያንዳንዱ ምት በፊት አየር ይስባል። ራሱን ያዘጋጃል። ቀበቶው የሚያርፈው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያው የተሳበው ትንፋሽ ደግሞ ወደ ጩኸት ተለውጦ ይወጣል። መጀመሪያ የገራፊው ትንፋሽ ነው ብላ ልታልፈው ነበር። ነገር ግን አንዱን ትንፋሽ ሁለት ሰው አይተነፍሰውም። የሚገርፈውና የሚገረፈው አንድ ሰው ነው።

በማሽን ቀጥኖ እንደሆነ ብላ ድምፁን መልሳ አወፈረችው። የሴቲቱ ጩኸት እየወረደ፣ እየጎረነነ መጣና አንድ የምታውቀው ጉሮሮ ላይ አረፈ። ስንት ምሽት ስልክ ይዘው፣ የሚያወሩት አልቆባቸው፣ ዝም ብላ ስታዳምጠው የኖረችው ትንፋሽ ነበር።

የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የተዘጋ በር አየች፣ ሬዲዮ ከፍ ሲል አየች፣ ከዚያ በኋላ ጆሮዋ የሰማው ዓይኗ ያዘዘውን ነው። ለተማሪ ስትሰብከው የኖረችውን ሕግ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የሻረችው እሷው ናት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው ግን የሚለቀም አልነበረም። ራሱን በቀበቶ የገረፈላትን ሰው ሌባ ብላ ደግማ ገርፋዋለች። 

ደወለችለት። አያነሣም። ደግማ ደወለች።

እየሮጠች ወደ ውጭ ስትወጣ የበሩ ዘበኛ አስቆማት። አንቺ ከገባሽ በኋላ ወንድምሽ መጥተው ነበር አላት፤ የዚያን የድምፅ ሠራተኛ ስቱዲዮ የት እንደሆነ ሲጠይቁ ተማሪዎች አሳይተዋቸዋል፣ ፊታቸው ግን ጥሩ አልነበረም አላት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም፣ የወንድሟ ወሬ ለወንድሟ በአንድ ሌሊት ደርሷል። አዳራሹ ውስጥ የዘረገፈችው ነገር ከአንድ ተማሪ አፍ ወጥቶ፣ እራት ላይ ለአባት ተነግሮ፣ አባት ደግሞ የወንድሟ የጭነት ሥራ ሸሪክ ሆኖ ተገኝቷል። ዘበኛው ነግሯት ሳይጨርስ መንገዱን አጋምሳለች።

*

የኮሽታ ስቱዲዮ ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ያለ ክፍል ነው። የመጋዙ ጩኸት እንዳይገባ ግድግዳው በስፖንጅ ተሸፍኗል፣ በሩም ድርብ ነው። የውጭ ድምፅ የማያስገባ ክፍል የውስጡንም አያስወጣም። እዚያ ውስጥ ሰው ቢታረድ ደጅ የቆመው አናጢ አይሰማም። መንገዱን ሁሉ ያሰበችው ይህንን ብቻ ነው።

በሩን ስባ ስትከፍተው ድምፁ ተቀበላት። እውነተኛ ምት እንደ ፊልም አይጮህም፤ ትራስ እንደ መደብደብ ያለ ድፍን ድምፅ ነው ያለው። ኮሽታ መሬት ላይ ነው። ወንድሟ የማይክ መቆሚያውን ብረት ጨብጦ ከላዩ ቆሟል፤ ዓይኑ ደም ለብሷል። ብረቱ ሲወርድ ኮሽታ ክንዱን አስቀደመ፤ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ፣ ክንዱም ወደማይታጠፍበት ታጠፈ።

ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ ተቀዶ ነበር። ከአዲሱ ደም በታች የዳነ ሰንበር አየች፤ ትከሻው ላይ የተጋደመ፣ ጎኑ ላይ የዞረ፣ ሰው በገዛ እጁ ወደ ኋላ አድርጎ ሊደርስበት የሚችለውን ቦታ ሁሉ የሸፈነ። ማሽኑ የነገራትን አሁን ቆዳው መሰከረላት።

«ገመናችንን እንደ እናቱ እጥበት አደባባይ አሰጣው» አለ ወንድሟ ሳይዞር። መምጣቷን በምን እንዳወቀ እንጃ።

«አደባባይ ያወጣሁት እኔ ነኝ ጋሼ። አዳራሹ ውስጥ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«ዞር በይ።»

ብረቱ ላይ ተንጠለጠለች። እንደ ዝንብ አራገፋት፤ ስትወድቅ አፏ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨና ከንፈሯ ተሰነጠቀ። እስካሁን ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ እጁን ያልሰነዘረው ኮሽታ ደሟን ሲያይ ከመሬት ተነሣ። ለራሱ ያልተነሣው ሰው ለእሷ ተነሣ። በደኅናው ትከሻው የወንድሟን ሆድ ገጭቶ መደርደሪያው ላይ ጣለው፤ ዕቃው ሁሉ በላያቸው ተናደ። በክርኑ አፍንጫውን አፈረሰው፣ የእጁን አንጓ ነከሰው። ግን በአንድ እጅ እስከየት ይኬዳል? ወንድሟ የመኪና ጎማ ሲያነሣ የኖረ ሰው ነው። ገልብጦ ደረቱ ላይ ተንበረከከና ጉሮሮውን በሁለት እጁ አነቀው።

እሷ ወንበር አንሥታ የወንድሟን ጀርባ መታችው። ወንበሩ ተሰበረ እንጂ እሱ አልዞረም። ፀጉሩን ይዛ ጎተተችው፤ አልተነቃነቀም። የኮሽታ እግሮች መሬቱን እየመቱ ቆዩና እየደከሙ መጡ። ፊቱ ጠቁሯል። እያየችው ሊሞትባት ነው፤ ያመጣችበትም እሷው ናት።

ጠረጴዛው ላይ ፊልሙ ተከፍቶ ነበር። ለካ ኮሽታ ጠዋቱን ሙሉ የግርፊያውን ድምፅ ከፊልሙ ሲነቅል ኖሯል፤ ገና አልጨረሰም። ያለውን መቆጣጠሪያ ሁሉ እስከ ጫፍ ገፋችና አስጀመረችው።

ያ ክፍል አያስተጋባም። ቀበቶው ከየትም በኩል አልመጣም፤ በቀጥታ አጥንት ውስጥ ነው የገባው። ጩኸቱ ተከተለ። የወንድሟ እጆች ላሉ። ኮሽታ እያሳለ፣ ደም እየተፋ ወደ ጎን ተንከባለለ። ወንድሟ ቀና ብሎ ግራና ቀኙን አየ፣ ሌላ ሰው የገባ መስሎት። ከዚያ ተነሥቶ ብረቱን አነሣና አንደኛውን ድምፅ ማጉያ አደቀቀው። ሌላኛው ቀጠለ።

«አጥፊው» አላት።

አላጠፋችም። ቀጣዩ ምት ሲወርድ ትከሻው ሲሸሽ አየች፤ የተመታው እሱ ይመስል።

«ማናት የምትጮኸው?»

ኮሽታ ከወደቀበት ሆኖ አትበዪው ብሎ በዓይኑ ለመናት። እውነቱን አሁን እሷም ታውቀዋለች። ግን ወንድሟን የሚያመው ቦታ ላይ መምታት ፈለገች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ያን ቀን እንዲህ ነበር የጮህኩት። አሁን ደግሞ ስማ፤ ይቺ ሬዲዮውን ከፍ የምታደርገው እማዬ ናት።»

ወንድሟ ብረቱን ዝቅ አደረገው። ከአፍንጫው የሚወርደው ደም አገጩ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

«አንቺ አልጮህሽም» አለ። «ትንፍሽ አላልሽም። ትራሱን ነክሰሽ፣ ዓይንሽን እኔ ላይ ተክለሽ ዝም አልሽኝ። አንዴ ብትጮሂ እኮ እተው ነበር። ዝምታሽ ነው ያሳበደኝ።»

ውሸታም ልትለው አፏን ከፈተች። ከዚያ ወደ ኮሽታ ዞረች። በዚህ ዓለም ላይ ስለ ድምፅ የማይዋሻት ሰው እሱ ነው።

«እውነቱን ነው» አላት ኮሽታ፤ ከታነቀ ጉሮሮ እየታገለ። «በስልኩ የሰማሁት ቀበቶውንና ቴሌቪዥኑን ነው። ያንቺን ድምፅ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ አልመጣም። ሞታለች ብዬ እስከ በራችሁ ሮጥኩ። የግቢያችሁ ዘበኛ አላስገባኝም።» ትንሽ ካሳለ በኋላ ቀጠለ። «ፊልሙን ስሠራ ተዋናይ አስጮህኩ። ቆዳ ደበደብኩ፣ እርጥብ ጨርቅ ደበደብኩ። ሁሉም ውሸት ሆነብኝ። ያንን ያልሰማሁትን ጩኸት ነበር የምፈልገው። ሳልጠይቅሽ ማድረጌ ጥፋት ነው። መጠየቅ ፈራሁ።»

እሷ አሁን እሱን አልነበረም የምታየው። ጥርሶቿ መሀል የትራሱ ጨርቅ ጣዕም መጣባት፤ ሳሙናና ላብ። ጨርቁ ሲቀደድ ትዝ አላት። ጉሮሮዋን የሰነጠቃት ጩኸቱን መዋጥ ነበር። ስትጮህ የኖረችው በውስጧ ነው፤ ያን ያህል አጥብቃ ስለጮኸች የተሰማ መስሏት ኖሯል።

ድምፁን አጠፋችው። ክፍሉ ውስጥ የሦስት ሰው ትንፋሽ ብቻ ቀረ።

ወንድሟ ብረቱን ጣለ። እጁን ዘረጋላት፤ ያንኑ በልጅነቷ ሐኪም ቤት ለመሄድ ወደ ጀርባው የሚያወጣትን እጅ። እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ይዛው ብትሄድ ደስ ባላት ነበር።

«ነይ ቤት እንሂድ» አላት።

«አልሄድም ጋሼ።»

«እማዬስ?»

«እማዬ ቴሌቪዥኗን ትክፈት።»

ቃሉ ሲያርፍበት አየች። እጁን ቀስ ብሎ መለሰ። ወደ በሩ ሄዶ፣ መያዣውን ጨብጦ፣ ጀርባውን እንደሰጣት ቆመ። ያቺ አንዲት ቃል ጉሮሮው ላይ ደርሳ ስትመለስ ትከሻው ከፍ ዝቅ ሲል ታየ። ሳይናገራት ወጣ። ድርብ በሩ ተዘጋ፤ እርምጃው ወዴት እንደሄደ አልተሰማም።

መምህርቷ መሬት ላይ ተንበርክካ የኮሽታን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች። ሐኪም እጠራለሁ ልትለው ነበር፤ ይቅር በለኝ ልትለውም ነበር። ሁለቱም አልወጣላትም። የወጣው ሌላ ነው። ከሆዷ ሥር ተነሥቶ፣ ደረቷን እየገፋ፣ የተሰነጠቀ ከንፈሯን ሳይምር መጣ። አፏን ከፈተችና ጮኸች። ለጀርባዋ ጮኸች፣ ለእናቷ ጮኸች፣ በዚያ በር ለወጣው ወንድሟ ጮኸች፤ ስለምትወደው፣ ተመልሶም ስለማይመጣ። ኮሽታ ተዪ አላላትም፤ ሊያባብላትም አልሞከረም። ደኅናውን እጁን ወገቧ ላይ ጣል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እስክትጨርስ ድረስ አዳመጣት።